የዓርማው ጀርባ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴ በየዓመቱ ሌላ ሌላውን እየለቃቀምኩ እነግራቸዋለሁ፤ ሐሜቱን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም። ይህን አንዱን ግን ከምላሴ ሥር አስቀርቼ እመለሳለሁ። እሳቸውም ደግ ሰው ናቸው፣ ስግደት ሰጥተው ያሰናብቱኛል። እኔም እሰግዳለሁ፤ ጉልበቴ እስኪንቀጠቀጥ እሰግዳለሁ። ያልተናገሩት ኃጢአት በስግደት ይወርዳል እንዴ? እንደማይወርድ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ዛሬ ለጥቂት ጊዜ በእሳቸው ቦታ ተቀመጡልኝ። ቶሎ ብላችሁ ግን አትፍቱኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ ልጄ ሰብለ ናት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር የጥልፍ ሱቅ አላት። በኮምፒውተር የሚታዘዝ መኪና ገዝታለች፤ አበባውን ነግረሽው ቁጭ ነው፣ ራሱ ይጠልፈዋል። በቀደም ለሠርግ ካባ ወፍራም ጥልፍ ታዝዛ ኖሮ፣ ሁለት ዓይነት ነጭ ነገር ይዛ ቤት መጣች። አንደኛው ጥልፉ ሲያልቅ እንደ ወረቀት ተቀድዶ የሚወጣ ነው። ሁለተኛው እንደ ጨርቅ በመቀስ ዙሪያውን ተቆርጦ ከሥር የሚቀር ነው። "እማዬ፣ ከጀርባው የትኛውን ላድርግ?" አለችኝ። ለሌላ ሰው ተራ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ስወጣ "ሽንኩርት ነው" አልኳት። በቤቱ አንድ ሽንኩርት አልነበረም፤ እሷም ታውቃለች።

በደርግ ጊዜ መካኒሳ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ የልብስ ሰፊዎችና የጠላፊዎች ማኅበር ነበረን። እኔ ገና ልጅ እግር ነበርኩ፤ ከእናቴ ጋር ብቻዬን እኖር ነበር። የምንጠልፈው በእግር መኪና ነው። ጨርቁን በክብ እንጨት ወጥረን፣ በእግራችን እየረገጥን፣ በሁለት እጃችን ከመርፌው ሥር ወዲያና ወዲህ እናዞረዋለን። ከሚጠለፈው ጨርቅ ሥር የሚገባውን ደጋፊ እኛ "ጀርባ" ነበር የምንለው። "ጀርባ ግጠሚ"፣ "ጀርባው ሳስቷል"፣ "ጀርባ አለው?" እንባባላለን። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ያጠፋሁት በእሷ ነው።

ጀርባ መርጣ የምታከፋፍለን እትዬ ጫልቱ ነበረች። የላፍቶ ተወላጅ ናት። ላፍቶ ያኔ ቤት አልነበረበትም፣ እርሻ ነበር፤ የእሷም ቤተሰብ ጤፍና ሽምብራ ያመርት ነበር። ጠዋት ጠዋት ጭቃውን አቋርጣ በእግሯ ትመጣለች፤ በር ላይ እግሯን ታጥባ፣ መኪናዋን ልክ እንደ ላም በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ ትቀመጣለች። ጥልፍ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ስቸኩል "ሱታ!" ትለኛለች፣ በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለቷ ነው። "ሱታ፣ አስናቀች! መኪናው ጥሎሽ አይሄድም፣ የታሰረ ነው!" ታላቅ እህት አልነበረችኝም፤ እሷን አገኘሁ። ስሟን ያለ "እትዬ" ጠርቼው አላውቅም ነበር። ከአንድ ቀን በስተቀር።

የጀርባ አመራረጧ ቀላል ይመስላል። የነጠላ ጫፍ ላይ ለሚሠራ ቀጭን አበባ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ትሰጠናለች፤ ጥልፉ ሲያልቅ ቀድደን እናወጣዋለን። ለወፍራም ጥልፍ ግን ወረቀት አትሰጥም፤ ብትለምኗትም አትሰጥም። አቡጀዲ ነው፣ እሱም ድርብ፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ሰያፍ ሆኖ ይነጠፋል። አቡጀዲውም አስቀድሞ በፈላ ውኃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይተኮሳል። ሳይታጠብ ከገባ፣ በኋላ ራሱን ሰብስቦ ጥልፉን ያኮማትረዋል። "ወፍራም ጥልፍ ማለት እኮ ብዙ ቀዳዳ ነው" ትለን ነበር። "መርፌው አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲወጋው ጨርቁ ወንፊት ይሆናል። ያን ጊዜ ክሩን ማን ይሸከመዋል? ጀርባው ነው።" እኛ እንስቅባታለን፤ "እትዬ ጫልቱ ስለ ጀርባ ስትሰብክ ቄስ ትሆናለች" እንላለን። እሷም አብራን ትስቃለች።

የአንዱ ዓመት የአብዮት በዓል ሲደርስ ቀበሌያችን ትልቅ ዓርማ አዘዘን። ቀይ ሳቲን ላይ በቢጫ ክር ማጭድና መዶሻ፣ ከበላዩ ኮከብ። ክፍት ቦታ የሌለው፣ ጥቅጥቅ ያለ ጥልፍ ነው። ያኔ አቡጀዲ ከቀበሌ ሱቅ ጠፍቶ ነበር፤ ለዓርማው ሲባል ግን ሊቀመንበሩ ራሱ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አዲስ አቡጀዲ አስመጣ። እትዬ ጫልቱ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ተኮሰችው። ከዚያ አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችና "ዘንድሮ ጀርባውን አንቺ ግጠሚው፣ ደርሰሻል" አለችኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እድገት ማለት በማኅበራችን ይህ ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቴ ሞተች።

እናቴ ኩሩ ሴት ነበረች። እንደ ዘመኑ እናቶች የመቀበሪያዋን አቡጀዲ ገዝታ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ኖራለች። ነገር ግን የጎረቤት ልጅ ሞቶ ቤተሰቡ ከፈን ሲያጣ አውጥታ ሰጠችው። "እኔ እስክሞት ሌላ ይገኛል" አለች። አልተገኘም። በታመመች ጊዜ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "በአሮጌ ጋቢ እንዳትሸኚኝ፣ ልጄ።" ታዲያ ምን ላድርግ? ሱቁ ባዶ ነው። ጎረቤት ያለው የለም። የማኅበሩ አቡጀዲ ግን ከመኪናዬ ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ወሰድኩት። አለሳልሼ አልናገረውም፤ የሕዝብ ንብረት ነበር፣ ሰረቅኩት። እናቴን ከፈንኩበት። እውነቱን ልንገራችሁና፣ በዚህኛው እስከ ዛሬ ለመጸጸት ሞክሬ አልቻልኩም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እግዚአብሔርም በአቡጀዲው ከጠየቀኝ የምመልሰው አላጣም። የማላገኝለት መልስ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ሬሳውን ከገነዙት ሴቶች አንዷ እትዬ ጫልቱ ነበረች። ጨርቁን ስትይዝ፣ እንደ ልማዷ፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አሸት አደረገችው። ለከፈን የሚገዛ አዲስ አቡጀዲ ደረቅ ነው፣ ይንኮሻኮሻል። ያ ግን የታጠበና የተተኮሰ ነበር። ከፈን አጥቦ የሚተኩስ ማን አለ? ቀና ብላ አየችኝ። እኔ አቀረቀርኩ። "እግዜር ያጽናሽ" አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

ከሐዘን ስመለስ ዓርማው ይጠብቀኛል። ምን ገጠምኩለት መሰላችሁ? የሲሚንቶ ከረጢት። ደራርቤ፣ በዱቄት ሙጫ አጣብቄ፣ አድርቄ ከሳቲኑ ሥር አስገባሁት። ሞኝ አልነበርኩም፤ ሥራውን አውቀዋለሁ። እያወቅሁ "ከበዛ ይችላል" ብዬ ራሴን አታለልኩ። ጥልፉ ሲያልቅ ወረቀቱ እንዳይታይ ወዲያው በቀይ ገበር ሸፈንኩትና ዙሪያውን ሰፋሁት። ክፋቱ ደግሞ ማማሩ! ወረቀቱ ጨርቁን ቀጥ አድርጎ ያዘው፤ አንድ ሽብሽብ አልታየበትም። ሁሉም ተሰብስቦ አደነቀኝ። ጨርቅ ቆራጫችን ጋሽ ደምሴ "አስናቀች፣ እጅሽ ይባረክ" አለኝ። እትዬ ጫልቱ የዓርማውን ፊት አይታ ስታበቃ እጇን ከገበሩ ላይ አሳረፈች።

"ጀርባውስ?" አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

"እንደነገርሽኝ ነው፣ እትዬ" አልኩ።

አቡጀዲው የት እንዳለ እያወቀች ነበር የጠየቀችኝ። ሌላ ነገር አግኝቼ እንደሆነ ብላ ይሆናል፤ ወይም እንድነግራት በር እየከፈተችልኝ ይሆናል። ያን ጊዜ "እትዬ፣ ወረቀት ነው" ብል ኖሮ ምን ይቀርብኝ ነበር? ሌላ ሰው ሳይሰማ ገበሩን እንፈታው ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። ገና ሥራ ስትሰጠኝ፣ ገና "ደርሰሻል" ስትለኝ!

በበዓሉ ቀን ዓርማውን በሁለት አጠና ወጥረን ከማኅበሩ ፊት ይዘን ወጣን። ሜዳው ላይ ሕዝቡ ተሰልፏል፣ መፈክር ይወርዳል ይወጣል። ክረምቱ ገና አልለቀቀም ነበርና ዝናብ ጀመረ። መጀመሪያ ካፊያ ነበር፤ ኋላ ግን አወረደው። የሲሚንቶ ወረቀት ውኃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ ሟሟ፣ ከገበሩ ሥር እንደ ገንፎ ቁልቁል ወረደ። ጀርባ ያጣው ሳቲን በየቀዳዳው ተሰነጠቀ። ማጭዱ ከነክሩ ተገነጠለና እንደተቀደደ ኪስ በጫፉ ተንጠለጠለ፤ ልክ ሊቀመንበሩ መድረኩ ላይ እጁን አንሥቶ ሲናገር። ከሰልፉ መሐል አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው ሳቀ። ያ ሳቅ ባይኖር ኖሮ ነገሩ የተቀደደ ጨርቅ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ሳቁ ወንጀል አደረገው።

በማግስቱ የቀበሌው ካድሬ አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ማኅበሩ ድረስ መጣ። ወጣት ነው፤ ዝናቡ ጉንፋን አስይዞት አፍንጫውን በመሀረብ ይጠርጋል። ክፉ ሰው ነው ልል አልችልም፤ እሱም ከበላዩ የሚፈራው ነበረው። "ጓዶች፣ ይሄ ስህተት አይደለም። አሻጥር ነው" አለ። የዚያ ዘመን ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። አሻጥር የተባለ ነገር ሁሉ ሰው ይፈልጋል። አንድ ሰው መውጣት አለበት።

አንድ በአንድ ወደ ዕቃ ክፍሉ እያስገባ ጠየቀን። ጋሽ ደምሴ ከእኔ በፊት ገባ፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ እኔ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ዓርማው ተዘርግቷል፤ ገበሩ ተተርትሮ የሟሟው ወረቀት ይታያል። ካድሬው በጣቱ ነካ አደረገውና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

"ከዚህ ሥራ ጀርባ ማን አለ?"

አያችሁ? እሱ የሚጠይቀኝ ሌላ ነው። ማን አሴረ፣ ማን ላከ ነው የሚለው። ሰፊ አይደለም፣ የእኛን ቋንቋ አያውቅም። እኔ ግን ሁለቱንም ጀርባ አውቃለሁ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሰማኋቸው። ሁለቱንም እየሰማሁ አፌን ከፈትኩ።

"ጀርባውን የምትመርጠው ጓድ ጫልቱ ናት" አልኩ።

እትዬ አላልኩም። ጓድ ጫልቱ አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም፤ ልብ በሉልኝ። ማንኛዋንም ጠላፊ ጠይቁ፣ ጀርባ የሚመርጠው ማን ነው በሉ፣ ጫልቱ ናት ትላችኋለች። አንዲት ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ነው የተናገርኩት። ለዓመታት የተጠለልኩት በዚያች ዓረፍተ ነገር ሥር ነው፤ "ምን አልኩ? ያለውን ነው ያልኩት፤ የተሳሳተ እሱ ነው" እያልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ግን ወለምታም አልነበረም። ምክንያቱም ካድሬው መሀረቡን ከአፍንጫው አውርዶ ደግሞ ጠየቀኝ፦ "እርግጠኛ ነሽ? ከጀርባው ያለችው እሷ ናት?"

"አዎ" አልኩ።

ወለምታ ሁለት ጊዜ ይመጣል? ያ "አዎ" የእኔ ነው። ሌላ ባለቤት የለውም።

እያለቀስኩ ወጣሁ። እትዬ ጫልቱ ተራዋን ቆማ ትጠብቅ ነበር። ዓይኔን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝና "አይዞሽ፣ እናትሽ በሞተች ማግስት እንዲህ ማስጨነቅ ምን ይሉታል" አለችኝ። ከዚያ ገባች። በዚያው ወሰዷት።

ከመስቀል በፊት ያዟት፣ ፋሲካን አሳልፈው ለቀቋት። የቀበሌው እስር ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነበር፣ የምትተኛውም በዚያው ላይ ነው። ስንቅ አመላላሽ ማን ነበር? እኔ! ወጡን በሚገባ እሠራለሁ፣ ሳህኑን በጨርቅ እቋጥራለሁ፣ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሰፈርተኛው "እንዲህ ያለች ወዳጅ ይስጣችሁ" እያለ በእኔ እየመሰለ ልጆቹን መረቀ። ባሏ እንኳ፣ ምስኪን ገበሬ፣ ከላፍቶ ሽምብራ ተሸክሞ መጥቶ "እግዜር ይስጥልኝ እህቴ" አለኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ። ሽምብራውንም ተቀበልኩ። አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚያቅለሸልሸኝ ያ ሽምብራ ነው።

ስትፈታ ቀኝ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሎ ነበር። መኪና የምትረግጥበት እግሯ ነው። ማኅበሩም አልመለሳትም፤ ቢመልሳትስ በምን ትረግጣለች? የእሷን ቦታ ለጋሽ ደምሴ ሰጡት፤ ጀርባ መምረጥም ለእሱ ሆነ። እጁ ጥሩ ነበር፤ ጨርቅ በጣት ማሸት ግን ከእሷ ሌላ ማንም አላወቀበትም።

አንድ እሑድ ላፍቶ ልጠይቃት ሄድኩ። ከደጃፏ እግሯን ዘርግታ ምስር ትለቅማለች። የያዝኩትን ስኳር አጠገቧ አስቀመጥኩ። በመንገድ ሁሉ የምለውን እያሰላሰልኩ ነበር የመጣሁት፤ "እትዬ፣ ያ ጀርባ..." ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

"እናትሽን በለስላሳ ጨርቅ ሸኘናት" አለች ከምስሩ ቀና ሳትል። "ደስ ብሎኛል። በማጠቤ አይቆጨኝም።"

ስኳሩን ወደ እሷ ጠጋ አደረግኩት።

"ብትነግሪኝ ኖሮ የራሴን አንሶላ እንቀድድ ነበር። ልጅ ነሽ፣ ፈራሽ። አቡጀዲውን ለማን ሰጠሽ ብለውኝ ነበር፤ ለማንም አልሰጠሁም፣ ጠፋብኝ አልኳቸው። እሱ አልፏል፣ ተይው።" ከዚያ ጠጠር አውጥታ ወረወረች። "የማያልፍልኝ ስሜን ለካድሬው የሰጠው ሰው ነው። ደምሴ ነው። አቀርቅሮ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ወንበሬንም ወረሰ።"

ይህን ስትል ፊቴን አላየችም። ያን ጊዜ ፊቴ የሆነውን ብታይ ኖሮ ሌላ ነገር አያስፈልጋትም ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ማነው ያለው? የእኔ ዝምታ ያን ቀን ነቀዘ፣ እስከ ዛሬም ውስጡን ይበላል። ስኳሩን ትቼ ተነሣሁ። አቡጀዲውን ይቅር አለችኝ፣ ለእሱ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም ነበር። ስሟን ለመስጠቴ ግን በእኔ ፋንታ ሌላ ሰው አቆመች፣ እኔም እንዲቆም ተውኩት።

ዓመታት አለፉ። ደርግም ወደቀ። የላፍቶ እርሻ ቤት በቤት ሆነ፤ እትዬ ጫልቱ በድሮ ማሳዋ ጥግ በሁለት ክፍል ቀረች። ባሏ ሲሞት ጋሽ ደምሴ ለቅሶ መጣ። ሸምግሏል፤ ከዘራ ይዟል። ፊት ለፊቷ ቆሞ "እግዜር ያጽናሽ ጫልቱ" አላት። ጀርባዋን ሰጠችው። በለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ዞራ ጀርባዋን ሰጠችው። ሽማግሌው እዚያው እንደቆመ ቀረ። በኋላ ከድንኳኑ ውጭ ጠርቶ ጠየቀኝ፤ "አስናቀች፣ አንቺ ታውቂ እንደሆነ፣ እኔ ይህቺን ሴት ምን አድርጌያት ነው?"

"እኔ እንጃ፣ ጋሽ ደምሴ" አልኩት።

ጴጥሮስ እንኳ ሲክድ ዶሮ ጮኸለት፤ ወጥቶ አለቀሰ። እኔ ገብቼ ንፍሮ በላሁ።

እሱ ቀድሟት ሞተ። እሷ ቀብሩ ላይ አልተገኘችም። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም፣ አልጋ ያዘች። እየሄድኩ ጠጉሯን አበጥርላታለሁ፣ ጉልበቷን በቅባት አሻለሁ። ያን ጉልበት! አንድ ከሰዓት በኋላ እያሸሁላት ሳለ ዓይኗን ከጣሪያው ሳታነሣ እንዲህ አለችኝ፦

"አስናቀች፣ ደምሴን ነው የማስበው። ቂም ይዤ ልሂድ ወይስ ይቅር ልበለው?"

እጄ ጉልበቷ ላይ ቆመ። እግዚአብሔር ከዚህ በላይ በር ለማን ይከፍታል? ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ስትሞት ልትጠላኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላም የፈራሁት ለራሴ ነበር።

"ይቅር በይው፣ እትዬ" አልኩ።

"እንግዲህ እግዜር ይፍታው" አለች። "እኔም ፈትቼዋለሁ።"

"አሜን" አልኩ።

ሰረቅኩት! አቡጀዲውን የሰረቅኩት ለእናቴ ነበር፤ ይህንን ግን ለራሴ ነው። ምንም ያላደረገ ሰው በመቃብሩ ይቅር ተባለ፤ ያደረግኩት እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አሜን አልኩበት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኛ ግን ተገለበጠ፤ የተወጋችው ይቅር ብላ ሄደች፣ የወጋሁት እኔ አልረሳ ብዬ ቀረሁ።

ስትሞት ከፈኗን የገዛሁት እኔ ነኝ። አዲሱን አቡጀዲ በፈላ ውኃ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ተኮስኩት። ገናዦቹ ሴቶች "ደግሞ ከፈን ማጠብ ምን አመጣው?" ብለው ተገረሙብኝ። "እንዲለሰልስላት ነው" አልኳቸው።

ለሰብለ፣ ስለ ካባው ጀርባ በጠየቀችኝ ማግስት፣ መለስኩላት። "ለወፍራም ጥልፍ የሚቀደደውን አታድርጊ። የሚቀረውን አድርጊ" አልኳት። "ለምን?" ስትለኝ ይህን ሁሉ ልነግራት ጀመርኩና አቃተኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። መጀመሪያ የምታነበው እሷ ናት። ከዚያ ለንስሐ አባቴ እወስደዋለሁ። ከዚያ የጋሽ ደምሴ ልጆች ጋ፤ መካኒሳ ነው ያሉት፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ነው የሚስሙኝ። ከዚህ በኋላ ላይስሙኝ ይችላሉ።

ለራሴ ይቅርታ አልለምናችሁም። ልትሰጠኝ የምትችለዋ ሴት ሰጥታ ጨርሳለች፤ የሰጠችው ግን ለእኔ አይደለም። የምለምናችሁ የአባታቸው፣ የጋሽ ደምሴ ስም እንዲነጻ ነው። በለቅሶ ቤት ጀርባ የተሰጠው ሽማግሌ ምንም አላደረገም። አንገቱን ደፍቶ የወጣው ማንንም አሳልፎ ሰጥቶ ሳይሆን እንደ ሁላችንም ፈርቶ ነው።

ካድሬው የጠየቀኝ ጥያቄ እስካሁን ትክክለኛ መልሱን አላገኘም። ከዚህ ሥራ ጀርባ ማን አለ ብሎኝ ነበር። እትዬ ጫልቱ አይደለችም። ጋሽ ደምሴም አይደለም። እኔ ነኝ።